ተርኪዋ ስንት ናት?

ዎርዚንግተን ከገባሁ ስድስተኛ ሳምንቴ ነበር። ዎርዚንግተን ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር፣ ጎኗ ሐይቅ፣ ዳሯ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ። በፈረንጆች 2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 13,947 ነበር። አገር ቤት አንድ ደህና ገበያ ላይ የማይጠፋ ሕዝብ ማለት ነው። ተራራ የሚባል ነገር የለም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጦሳን እያየሁ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን የማሳርፍበት ስለጠፋኝ የእህል ጎተራ አፍጥጬ አይ ነበር።

ያረፍኩት እትዬ ቤት ነው። የአክስቴ ልጅ ናት፣ ግን በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቢላ ይዛ ቆማለች። እኔንም እዚያው አስገባችኝ። ሁለታችንም አሳማ አንበላም። ቀኑን ሙሉ ስንገነጥለው ውለን ማታ ሽሮ እንበላለን። እናቴ በስልክ «ምን ሥራ ያዝክ?» ስትለኝ «ሥጋ ቤት» አልኳት። «የምን ሥጋ?» ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ። (እኔ ነኝ ያቋረጥኩት።)

ዕንቁጣጣሽ የሥራ ቀን ላይ ዋለ። ስለዚህ ለቅዳሜ ተላለፈ፤ እዚህ አገር በዓል እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው። ቅዳሜ በጠዋት እትዬ ሽንኩርቷን እያቁላላች የተለመደውን ምሬቷን ጀመረች። «የዚህ አገር ዶሮ ወጥ አያውቅም። ቁሌቱ ሳይደርስ እሱ ፈርሶ ያልቃል።» ከዚያ እንቁላል ቆጠረችና አነሳት። «ሂድና አንድ ደርዘን ይዘህ ና። በእግርህ ሂድ፣ ዛሬ መንገድ ይዘጋል።» ለምን እንደሚዘጋ አልነገረችኝም። ለዚህ እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

10ኛ ጎዳና ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከተማው ተገልብጦ ወጥቷል። ሰው ከቤቱ ወንበር ይዞ መጥቶ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። አንዱ ጋ ስፓኒሽ ይወራል፣ ከጎኑ የላኦስ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ከኋላዬ «ኧረ ልጁን ያዘው!» የሚል አማርኛ ሰማሁ። አስፋልቱ መሃል ደግሞ አንድ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ተርኪ ታቅፎ ቆሟል።

ተርኪ በቅርብ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ የበግ ግልገል የሚያክል ዶሮ አስቡ። ራሱ መላጣ ነው። አንገቱ ላይ ቀይ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ዕቁብ በልተውበት የቀረ ሽማግሌ ይመስላል።

አሁን ፍረዱኝ። የበዓል ሰሞን ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ዶሮ ታቅፎ ቆሟል። ምን ሊሠራ ነው የምትሉት?

እናቴ ዶሮ ስትገዛ ዋጋ አስቀድማ አትጠይቅም። መጀመሪያ ክንፉን ይዛ ትመዝናለች፣ ደረቱን ትዳብሳለች፣ ላባውን እፍ ብላ ቆዳውን ታያለች፣ ከዚያ ፊቷን ታጠቁራለች። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ጠጋ ብዬ ደረቷን ዳበስኩ። ሰውዬው ፈገግ አለ። እፍ አልኩባት። ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። ፊቴን አጠቆርኩና «ሃው መች?» አልኩት።

«ኖት ፎር ሴል» አለ። «ሺ ኢዝ ፎር ዘ ሬስ።»

እኔ የሰማሁት «ራይስ» ነው። ሩዝ! ይህችን የመሰለች ወፍ በሩዝ ሊበሏት! አንጀቴ ተላወሰ። «ኖ፣ ኖ! ራይስ ኖ ጉድ!» አልኩት። «እንጀራ ጉድ!» እንዳልገባው ሳይ በእጄ ማስረዳት ጀመርኩ። ተርኪዋ ላይ በጣቴ መስመር እየሳልኩ አሥራ ሁለቱን ብልት ቆጠርኩለት። ይሄ መላላጫ፣ ይሄ ፈረሰኛ፣ ይሄ ክንፍ። ሰውዬው ወፏን ወደ ደረቱ ጠበቅ አደረጋት። እሷም የገባት መሰለኝ፣ ተንፈራገጠች።

በዚህ መሃል ትከሻዬን የነካኝ ሰው ነበር። ዞር ስል የላይናችን ሱፐርቫይዘር። ሥራ ላይ ከ«ፋስተር» ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ግን እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች ነው። ሁለት ጣቷን መዳፏ ላይ እያሯሯጠች «ሬስ፣ ሬስ! ራን!» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አካባቢ ድሮ ተርኪ በብዛት ይረባ ነበር፤ የተርኪ በዓል አላቸው፣ በፈረንጆች ከ1939 ጀምረው ያከብሩታል። ቴክሳስ ውስጥ ኩዌሮ የምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ ደግሞ «የዓለም የተርኪ ዋና ከተማ እኔ ነኝ» ትላለች። ዎርዚንግተንም «እኔ ነኝ» ትላለች። ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። እነሱ በ1973 ተርኪዎቹን አወዳደሯቸው። እስከ ዛሬ አንዱ ዙር መስከረም ላይ እዚህ፣ ሌላው ጥቅምት ላይ እዚያ ይሮጣል። የሁለቱ ሰዓት ይደመርና አሸናፊው ይለያል።

እኔ የዳበስኳት ሩቢ ቤጎኒያ ናት። የቴክሳሷ። ያን ሁሉ መንገድ አቋርጣ የመጣች እንግዳ! የእኛዋ ከተማ ተርኪ ፔይቼክ ይባላል። ለምን ደመወዝ ብለው እንደሰየሙት ሱፐርቫይዘሯን ስጠይቃት «ከደመወዝ የሚፈጥን ነገር ስለሌለ» አለችኝ። እንዴት እንደሳቅሁ አልነግራችሁም። ደመወዜ የገባው ዓርብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ ተልኮ፣ ለወንድሜ ትምህርት ቤት ተከፍሎ፣ ከእትዬ የተበደርኩት ተመልሶ፣ ኪሴ ውስጥ የቀረችው የእንቁላሉ ነበረች። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ መሃል ነኝ ለካ።

ከዚያ ሩጫው ተጀመረ። ሩጫ ካልነው። ተርኪ ቀጥ ብሎ መሄድ አይወድም። ፔይቼክ ትንሽ ሮጥ ብሎ ሕዝቡን ለመታዘብ ቆመ። ሩቢ ደግሞ ወደ ዳር ታጠፈች። ወደ ማን? ወደ እኔ። ፊት ለፊቴ ቆማ አንገቷን ሰግጋ አየችኝ። አስታውሳኛለች።

ልጅ እያለሁ የቤቱ ዶሮ አባራሪ እኔ ነበርኩ። እጄ ሳላዘው ተነሳ። እግሬን ከፈትኩና ባለ በሌለ ድምፄ «እሽ! እሽሽሽ!» አልኩ።

ሩቢ ተፈተለከች። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ስትሮጥ ኃይሌን ያስታውሳል። ባለ ባርኔጣዎቹ በደስታ ጮኹ። በእኔ በኩል ያለው ሕዝብ ግን ዝም አለ። ሱፐርቫይዘሯን ዞሬ ሳያት ሳቋ የለም። «ገና የቴክሳሱ ዙር አለ» ብዬ ላጽናናት አሰብኩ፤ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም።

ቤት የገባሁት ያለ እንቁላል ነው። እትዬ ታሪኩን ስነግራት ማማሰያዋን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷም ቅርት ያላት ነገር አለ ለካ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን በዓል ከመንገድ መዘጋት በቀር አታውቀውም፤ ቅዳሜን ስትሠራ ነው የኖረችው። ከሰዓት በኋላ ጠጅ ቀድታልኝ አንዴ እንደገና አስነገረችኝ። ጠጁን ምድር ቤት ነው የምትጥለው። ከተማዋን በ1870ዎቹ የቆረቆሯት ሰዎች መጠጥ የማይገባባት ሊያደርጓት ነበር አሉ። እትዬን አላሰቧትም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሎከሬ ላይ አንድ ከረጢት ሩዝ ተንጠልጥሏል። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ተርኪ ተስሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላይኑ ላይ ስሜ ራይስ ነው።

ሩዙን ይዤ ገባሁ። እትዬ ከረጢቱን አገላብጣ አየችውና «ማን ላከልህ?» አለችኝ።

«ሩቢ» አልኳት።