የሳህን ልክ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ግዢ ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ገጠመኝ ሲባል ሰው የደረሰበትን ያወራል፤ የእኔ ግን ደረሰብኝ ከምል ያደረስኩት ብል ይሻላል።

አቢይ ጾም ገብቷል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቻለሁ። እኔ የማውቀው ጾም ሲገባ ዓሣ የሚያዝ ደንበኛ መብዛቱን ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የምንገዛው የስምጥ ሸለቆ ዓሣ ነበር፤ ከዝዋይ፣ ከቆቃ፣ አንዳንዴም ከጫሞ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣ። በረዶው የአዋሽን በረሃ ሳይጨርስ ውሃ ይሆናል። ዓሣው እኛ ኩሽና ሲደርስ ዓይኑ የደፈረሰ፣ በጣት ሲጫኑት ሰርጎድ ብሎ የሚቀር ነው። ስለዚህ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ልጆች እንደገና ዓሣ ማውጣት መጀመራቸውን ስሰማ በደስታ ዘለልኩ። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ትንሽ እልፍ ማለት ነው፤ ጠዋት ሄጄ ለምሳ እመለሳለሁ።

ልጆቹን አገኘኋቸው፣ ዋጋ ተስማማን። ያወጡት የነበረው ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ክንድ የወፈረ። ችግሩ የተነሳው ከኩሽና ነው። ድሬ ላይ ሙሉ ጥብስ ይወደዳል። ደንበኛው ዓሣውን ከነጭራው፣ ከነራሱ ሳህኑ ላይ ተጋድሞ ማየት ይፈልጋል። ትልቁ ቆሮሶ ደግሞ ከሳህኑ ይተርፋል፤ ከተቆረጠ ሙሉ አይባልም፣ ሳይቆረጥ ከቀረበ ለአንድ ሰው ይበዛል። የቤቱ ባለቤት ሒሳቡን ሠራና «የሳህን ልክ የሆነውን አምጣ» አለኝ። አንድ ዓሣ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ደንበኛ።

እኔም ለሥራዬ ታማኝ ነኝና ሳህኑን ራሱን ይዤ ሄድኩ። አዎ፣ ከኩሽና አንድ ነጭ ሳህን አንስቼ ደንገጎን ወጣሁ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜም ለልጆቹ አሳየኋቸው። «ከዚህ የሚተርፍ አልወስድም።» ቀጥዬ ደግሞ «በመንጠቆ የተያዘ ብቻ ነው የምፈልገው» አልኩ። መረብ ውስጥ ሲታገል ያደረ ዓሣ ሥጋው ይላላል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ለመንጠቆ ዓሣ በኪሎ ጥቂት ብር ጨመርኩላቸውና ሳህኑን ለመለኪያ ትቼላቸው ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሁሉም ነገር ቅቤ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ዓሣ የምታጸዳልን ሴት ጠራችኝ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ድሬ ከገባች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ አንቱታውንም እንደማንኛውም ድሬ ሰው ጥላዋለች። «ና እስቲ አንተ፣ የገዛኸውን ተመልከት።» በእጇ ከስንዝር የምታንስ ቆሮሶ ይዛለች። አፏን በአውራ ጣቷ ከፈተችና ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍታ በውሃ አለቀለቀችው። ከጤፍ የሚተልቁ፣ ከማሽላ የሚያንሱ ነገሮች ተዘረገፉ። መጀመሪያ ያልተፈጨ እህል መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዓይን አላቸው። ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ፣ ቀጭን ጭራ፣ ሆዳቸው ሥር ደግሞ ቢጫ ከረጢት። ሁሉም ሞተዋል።

«ቢጫው ስንቃቸው ነው» አለች እትዬ።

ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ እንደምትታቀፍ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን ጭሮ እንደ ሳህን የተጎደጎደ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እዚያ ትጥልና ወዲያው መልሳ በአፏ ትለቅማቸዋለች። ከተፈለፈሉም በኋላ ራሳቸውን እስኪችሉ አትተዋቸውም፤ ሁሉም በሁሉም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አምባዛ በአሥር ሺዎች ጥሎ ይሄዳል፣ ከዚያ የተረፈው ይተርፋል። ቆሮሶ ግን የምትጥለው ጥቂት ነው፤ ትንሿ መቶ ቤት፣ ትልቋ ከሺህም ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው በአፏ የምትጠብቃቸው። እናቲቱ ከተያዘች ቤተሰቡ በሙሉ ተያዘ ማለት ነው።

እትዬ ግን አልጨረሰችም። «በመንጠቆ ነው ያልከኝ አይደል?»

«አዎ፣ በመንጠቆ።»

«ጫጩት አፏ ውስጥ ያለች እናት ምኗን ከፍታ ነው ትል የምትጎርሰው? በእነዚያ ቀናት እህል ውሃ የላትም። መንጠቆ እሷን አያገኛትም። ይቺ የመረብ ናት።» ቢላዋዋን ጠረገች። «እኛ አገር ድሮ ሽማግሌዎቹ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትኑ ነበር። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ እናት ልጅ ሳይባል ይለቀማል። መረቡ ከጠበበ ከዚያ በምን ይለያል?»

ደም ፍላቴ ተነሳ። ጫጩቶቹ አሳዝነውኝ ብል ውሸት ነው፤ የተናደድኩት ለመንጠቆ በጨመርኩት ብር ነው። ደወልኩ። ልጁ «ወላሂ በመንጠቆ ነው» አለ። ዝም አልኩ፣ በማግሥቱ ግን ሳልነግረው ሌሊት ተነስቼ 11 ሰዓት ላይ ሐረማያ ነበርኩ። ብርዱ ሌላ ነው፤ የድሬ ሰው ጃኬት ያለው ለሐረማያ ይመስለኛል። በጭጋጉ ውስጥ ጀልባዋ ስትጠጋ መረብ ስትጎትት አየኋት። ቀዳዳው ውስጥ ጣቴን ከተትኩ፤ አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ።

ጮኽኩበት። ሌባ፣ ውሸታም፣ ሁሉንም አልኩት። ያገሪቱን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995ንም ጠራሁበት፤ ቁጥሩን የያዝኩት ከዚያ በፊት በሄድኩበት አንድ ስብሰባ ላይ ነው እንጂ አንብቤው አይደለም። ልጁ አልመለሰልኝም። ወደ ጀልባዋ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አነሳና እጄ ላይ አስቀመጠው። ሳህኔ ነው።

«ልኩ ይኸው። ከዚህ የሚተርፍ አልወስድም አላልክም? መንጠቆ ሳህን አያውቅም፣ አቦ። ትልቁም ይነክሳል፣ ትንሹም ይነክሳል። አንተ የምትለው ብቻ እንዲወጣ ከተፈለገ መረቡ መጥበብ አለበት።»

የምመልሰው አጣሁ። ትልቁን ስትይዝ ምን ታደርገዋለህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ለካ አወዳይ ወስዶ በርካሽ ይሸጠዋል። ትልቋ፣ ከሺህ በላይ የምትታቀፈው፣ በርካሽ ትሄዳለች፤ ገና አንዴም ያልወለደችው ደግሞ በእኔ ጭማሪ ከዚራ ትገባለች።

ሻይ አስፈላልኝ፣ ዳር ላይ ተቀመጥን። ይህን ሐይቅ ልጅ ሆኜ ከአውቶቡስ መስኮት አውቀዋለሁ፤ ወደ ሐረር ስንሄድ በስተግራ በስተቀኝ እየተባለ የሚጠበቅ ውሃ ነበር። 1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ደርቆ አይቼዋለሁ፤ ከብት ይግጥበት ነበር። ሐረር ስትጠጣው የኖረችው ውሃ ነው። ከደረቀ በኋላ የሐረር ሰው ውሃ ከታች፣ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋለት ይጠጣ ጀመር። ምክንያቱን ማንም ይነግርሃል፦ ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት የሚስቡት ሞተሮች፣ ከተራቆተው ኮረብታ እየታጠበ የገባው ደለል፣ የከተሞቹ ቧንቧ። ውሃው ሲመለስ ቁርጡሚ፣ ዓሣ ማለት ነው፣ ይመለሳል ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት እንደነበር ልጁ ነገረኝ።

«አባቴም ሞተር ነበረው» አለኝ ብርጭቆውን እያየ። «አንድ ትንሽ ሞተር። ሐይቁ በእሷ አይጎድልም ይል ነበር።»

ሌላ አልጨመረም።

የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። ከዱላው አንድ እንጨት ቆረጠ፤ የእኔ ስንዝርና ሦስት ጣት። ከእሱ ያነሰ አይወጣም፤ ከወጣም እጅ በውሃ ርሶ ይያዛል እንጂ በደረቅ እጅ አይጨበጥም፣ ላዩ ላይ ያለው ዝልግልግ ከተላጠ ተመልሶም ላይተርፍ ይችላል። አፏን ሞልታ የተያዘችው ምንም ያህል ብትወፍር ትመለሳለች። መረቡን በሰፊ ቀዳዳ ለመለወጥ ገንዘብ አልነበረውም። ከግዢ ሒሳብ ላይ በቅድሚያ ሰጠሁት፣ በወሩ መጨረሻም ከደሞዜ ተቆረጠ። ይገባኛል።

የቤቱ ባለቤት «ታዲያ ሳህን ልግዛልህ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እትዬ ናት ያዳነችኝ። ትልቁን በጉላሽ፣ በለብለብና በኮተሌት አወጣችው፤ ሙሉ ጥብስ የሚፈልግ ደግሞ ለሁለት ወይም ለሦስት በአንድ ትሪ እንዲያዝ ሆነ። ብቻቸውን የሚመጡ ደንበኞች የተወሰኑት ኮበለሉ። ትሪው የተወደደው በኋላ ነው፣ ያውም ለበዓል።

ሐይቁ በዚህ ተረፈ አልልም። ከማዶ ያሉት ልጆች ጠባቡን መረብ አልተዉም፤ የእኔንም የሳህን ልክ የሚገዛ አላጡም። የእኛው ልጅ ሁለቴ ሊያናግራቸው ሄዶ አንዴ ተጣልቶ ተመልሷል። ሦስተኛ እሄዳለሁ ይላል።

ከጾሙ ፍቺ በኋላ ስሄድ እንጨቷ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ በሚስማር ተመትታለች። ሳህኔን ፈለግኩት። ታናሽ ወንድሙ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ እየቀዳ ይደፋበታል።