ጠዋት ታርቆ ከሰዓት መጣላት፦ በዕለታዊ ተከታታይ ድራማ ላይ የምሠራበት መንገድ

ዕለታዊ ተከታታይ ድራማ ላይ ማልቀስ ቀላሉ ነገር ነው። የሚከብደው ጠዋት ከባሏ ጋር የታረቀችውን ሴት ተጫውቼ፣ ጠቡን ከሰዓት በኋላ መጫወት ነው። ቀረጻ የሚሄደው በታሪኩ ሳይሆን በቦታው ቅደም ተከተል ነው፤ የሳሎኑ መብራት አንዴ ከተስተካከለ የድራማው የተለያዩ ክፍሎች (ኤፒሶዶች) የሳሎን ትዕይንቶች ባንድ ላይ ይቀረጻሉ።

ስለዚህ ስክሪፕት ሲደርሰኝ ቃሉን ከማጥናቴ በፊት ገጾቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል አስተካክላለሁ። በየትዕይንቱ ራስጌ ላይ የክፍሉን ቁጥር፣ ገጸ ባህሪዋ ከየት እንደመጣችና እስከዚያ ድረስ ምን እንደምታውቅ እጽፋለሁ። ዋናው የመጨረሻው ነው። ገና ባልሰማችው ወሬ ፊቷ ከከፋ ኤዲተር የሚያድነው ነገር የለም።

ሳጠና የራሴን መስመር በወረቀት ሸፍኜ የአጋሬን የመጨረሻ ቃላት ብቻ አነባለሁ፤ መልሴን ጮክ ብዬ፣ ያለ ስሜትና በፍጥነት እላለሁ፣ እጄ ልብስ እያጠፈ። በአንድ ዜማ የተያዘ ቃል አጋሬ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ይሰበራል። በተለይ አጀማመራቸው የሚመሳሰል መስመሮች አደገኛ ናቸው፤ ሁለት ንግግሮች «ታውቃለህ» ብለው ከጀመሩ አፍ ወደተሳሳተው ገጽ ይሄዳል። እነሱን በተለያየ ቀለም አሰምርባቸዋለሁ። የዕቃ አያያዝንም እጽፋለሁ፦ «ብርጭቆው፣ በግራ እጅ፣ ‹እናትህ› ካልኩ በኋላ»። ቀረጻው ሲደገም እጄ ከተቀየረ ሁለቱ ምስሎች አይገጣጠሙም።

ሦስት አራት ካሜራ ባንድ ጊዜ ስለሚቀርጽ እንባን ለቅርብ ምስል አቆያለሁ ማለት አይቻልም። ድጋሚ ቀረጻም ብዙ አይፈቀድም። የምቆምበትን ቦታ ለማሳየት ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ቁልቁል ላለማየት ከምልክቱ ተነስቼ ወደኋላ እየተራመድኩ እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ የደረስኩበት ቦታ መነሻዬ ነው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ «ቁም» እስኪል ፊቴን እይዛለሁ። ባዶ ዓይን ካሜራ ላይ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ገጸ ባህሪዋ ልትናገር ፈልጋ የዋጠችውን አንድ ዓረፍተ ነገር በልቤ እላለሁ።

ሽልማቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ኦል ማይ ችልድረን» በተባለው የአሜሪካ ዕለታዊ ተከታታይ ድራማ ላይ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤሪካ ኬንን የተጫወተችው ሱዛን ሉቺ በአሜሪካ ለቀን የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ለሚሰጠው የዴይታይም ኤሚ ሽልማት መጀመሪያ የታጨችው በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ያሸነፈችው በ1999 (እ.ኤ.አ.)፣ በ19ኛ እጩነቷ ነው። ለሽልማት ዳኞች የሚላክ ትዕይንት ሲመረጥ ጩኸት የበዛበትን መላክ የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማም። ዳኛው ድራማውን ተከታትሎ ላያውቅ ይችላል፤ ያለፈውን ሳያውቅ የሚገባውን፣ ሴትየዋ ስትገባና ስትወጣ የተለያየች የምትሆንበትን እመርጣለሁ። አጋሬ ሲናገር ፊቴ የሚታይባቸውን ቦታዎችም አላስቆርጥም፤ ማዳመጥ የሚዳኘው እዚያ ላይ ነው።