የግመል ወተትን የሚያረጋው ሻጋታ

ለብዙ ዘመናት ቺዝ ሲሠራ የኖረው ወተት ብቻ የሚጠባ ጥጃ ታርዶ ከአራተኛው የሆዱ ክፍል በሚወጣ ማርጊያ ነው። በማርጊያው ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ካይሞሲን የተባለ ኢንዛይም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990 በባክቴሪያ የተመረተ ካይሞሲንን ሲፈቅድ፣ በጄኔቲክ ምሕንድስና ተመርተው አስተዳደሩ ከፈቀዳቸው የምግብ ግብአቶች የመጀመሪያው ሆነ። ይህ ብዙ ጊዜ የተነገረ ታሪክ ስለሆነ አልዘገይበትም፤ እኔን ይበልጥ የሚገደኝ የግመሉ ነው።

የግመል ወተት በጥጃ ማርጊያ በወጉ አይረጋም። ወተት የሚረጋው ኬሲን የተባሉትን የወተት ፕሮቲኖች ቅንጣቶች ከላይ ሸፍኖ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ካፓ ኬሲን የተባለ ፕሮቲን ካይሞሲን በአንድ የተወሰነ ቦታ ሲቆርጠውና ቅንጣቶቹ ተያይዘው ስቡንና ውኃውን ሲይዙ ነው። በላም ወተት ካፓ ኬሲን ከጠቅላላው ኬሲን 13 በመቶ ገደማ ሲሆን በግመል ወተት 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የግመሉ ቅንጣቶች ትላልቅ ከመሆናቸውም በላይ ኢንዛይሙ የሚቆርጥበት ቦታ ከላሙ ይለያል። ስለዚህ የጥጃው ኢንዛይም እዚህ ሲደርስ ይደክማል።

መፍትሔው የተገኘው ከራሷ ከግመል ነው። የግመልን ካይሞሲን የሚያዘው ዘረ መል አስፐርጊለስ ናይጀር በተባለ ጥቁር ሻጋታ ውስጥ ይገባል፤ ሻጋታው አየር በሚነፋበት ትልቅ ጋን ውስጥ ስኳርና ሌላ ምግብ እየተሰጠው ሲያድግ ኢንዛይሙን ወደ ፈሳሹ ይለቃል። ከዚያም ፈሳሹ ተጣርቶ ሻጋታው ይወገድና ኢንዛይሙ ብቻውን ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ ኢንዛይም የላም ወተትን ጭምር ከጥጃው በ70 በመቶ በሚበልጥ አቅም ያረጋል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችን የመፍጨት ጠባዩ ግን የጥጃው ሩብ ገደማ ነው። ያለ አግባብ የተፈጨ ፕሮቲን ቺዝን ስለሚያመርር፣ ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ቁጥብነቱ ይበልጣል።

ቺዝ ሠሪ ወተቱ መርጋቱን የሚያረጋግጠው ቢላዋ ሰክቶ በዝግታ ወደ ላይ በማንሳት ነው፤ ስንጥቁ ጥርት ብሎ ከተከፈለና ንጹሕ አጓት ካቆረ ደርሷል ማለት ነው። የግመሉ ወተት በራሱ ኢንዛይም ሲረጋም ከላሙ የላላ ስለሆነ የሚቆርጠው እጅ ሊጠነቀቅለት ይገባል፤ የሚወጣውም ለስላሳና እርጥበት የሚበዛበት ቺዝ ነው።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ኢንዛይም ከግመል ወተት ለስላሳ ቺዝ ሠርተዋል። ይህ ሥራ ከቤተ ሙከራ እንዲወጣ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም በሶማሌ ክልል ሴቶች በጢስ በታጠነ ዕቃ ይዘውት ወደ ገበያ የሚወጡት ወተት ሙቀቱና የመንገዱ ርዝመት ተደማምረው ሳይሸጥ ሊበላሽባቸው ይችላል። አይባችን አሬራ ሞቆ የሚገኝ ስለሆነ ማርጊያ አይፈልግም፤ የግመል ወተት ግን ቅቤ ለመስጠትም አስቸጋሪ በመሆኑ ያ መንገድ አይመቸውም። በአብዛኛው ሙስሊም ለሆነው አርብቶ አደርም፣ እንዴት እንደታረደ ካልታወቀ ጥጃ የወጣ ማርጊያ አለመግባቱ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረው ኢንዛይሙ በአነስተኛ ጠርሙስ፣ ማኅበራት ሊከፍሉት በሚችሉት ዋጋ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ጅግጅጋ የሚደርስበትን መንገድ ማበጀት ነው፤ ወተቱን አስቀድሞ ማፍላት የሚያስከትለውን የመርጋት ድክመትም ለሠሪዎቹ በተግባር ማሳየት ያስፈልጋል።