ጀንፈል

ጅማ መርካቶ አካባቢ ታፔላ ቤት የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ቡና የሚለቀምበት ወር። እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው።

አንድ ቡና ነጋዴ ሀጂ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጡኝ። «እሸትና ጀንፈል ቡና እንገዛለን» ይላል። «ጀንፈል» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። መጠየቅ ሲገባኝ፣ ሰው የሚያውቀውን ቃል ልጻፍላቸው ብዬ «እሸትና ጥሬ ቡና» አልኩት። ታፔላው አምሮ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ቀን ሀጂ መጡ። አልተቆጡም። ከኪሳቸው አንድ እፍኝ የደረቀ ጥቁር ፍሬ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉ።

«ልጄ፣ ጀንፈል ይሄ ነው። እስቲ አንዱን ስበሪው።»

ሰበርኩት። ውስጡ ሁለት የቡና ፍሬ ፊት ለፊት ተጋጥሞ ተኝቷል። እኔ ሱቅ ሄጄ ጥሬ ቡና ብዬ የምገዛው ከዚህ ልጣጭ የወጣውን ነው። እሸት ቀይ ሆኖ እንደተለቀመ ያለው ነው። ጀንፈል ከነልጣጩ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ የደረቀው። መፈልፈያ ገብቶ ልጣጩን ሲጥል ደግሞ ቅሽር ይባላል። አንድ ኪሎ ቅሽር ለማግኘት ወደ 2 ኪሎ ጀንፈል ወይም ወደ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ዋጋው የሚለያየው ለዚህ ነው።

«ገበሬው ጀንፈሉን አህያ ላይ እንደጫነ ታፔላዬን ያነብና ያልፋል» አሉኝ። «እዚህ ጀንፈል አይገዛም ብሎ።»

አለቃዬ በነፃ ድጋሚ አሠራላቸው። ከደመወዜም አልቆረጠብኝም። እኔን ግን ያንገበገበኝ ያ ሁሉ ጭነት በኔ አንድ ቃል ምክንያት ማለፉ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታፔላ ሳላነብ መንገድ አልሄድም። ቃላቱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጎማ የሚጠግነው «ጎሚስታ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ነው የመጣው። «ልኳንዳ»ም እንደዚያው፤ በጣሊያንኛ ግን የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሥጋ ቤት ሆነ። «ቅሽር»ን በጣም ነው የምወደው። በዐረብኛ ቂሽር ልጣጭ ነው፤ የመን ውስጥ ከቡና ልጣጭ የሚፈላው መጠጥም በዚሁ ስም ይጠራል። በእኛ ቡና ነጋዴ አፍ ደግሞ ልጣጩ የወለቀለት ፍሬ ሆኗል። ጅማ ላይ «የጎማ ቡና» የሚል ካየሁም የመኪና ጎማ አይመጣብኝም። ጎማ በአጋሮ በኩል ያለ ቡና አብቃይ ወረዳ ነው።

አሁን ደንበኛ የማላውቀውን ቃል ሲያመጣ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። «ይሄን ማን ነው የሚያነበው?» እላለሁ። አንዳንዱ ይገረማል። ብዙዎቹ ግን ወንበር ስበው ቁጭ ይሉና ያስረዱኛል።

አዲሱ ታፔላ በተሰቀለ ማግስት በዚያ በኩል አለፍኩ። አንድ አባት ሁለት አህያ እየነዱ መጡ። ቆም ብለው ወደ ላይ አዩ፣ በከንፈራቸው አነበቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጆንያ መፍታት ጀመሩ።