ፔሌን ፍለጋ እስከ አማኑኤል

ፎቶው በቴሌግራም የደረሰኝ ጉለሌ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ነው። የላከችልኝ የሠፈራችን ልጅ ናት። «አጎቴ ጋ ያለ ነው፣ ጎጃም፣ አማኑኤል። አንተ የምትሰበስበው ዓይነት ይሆን?» ይላል መልእክቷ። ፎቶው ደብዛዛ ነው። ቢሆንም ቢጫው ማልያ ይታያል፣ ፊቱም ይታወቃል፤ ከፊቱ በታች በሰማያዊ እስክርቢቶ «ፔሌ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። አሳድጌ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። የፓኒኒ ካርድ ነው፣ የሜክሲኮው የ1970 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

የድሮ የእግር ኳስ ካርድ መሰብሰብ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በአገራችን ይህ ነገር ብዙ አይታወቅምና ትንሽ ላስረዳ። ፓኒኒ የሚባሉት ወንድማማቾች ጣሊያን ሞደና ውስጥ የጋዜጣ መሸጫ ነበራቸው፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የተጫዋቾችን ምስል በትናንሽ ፖስታ አሽገው መሸጥ ጀመሩ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አልበማቸው የሜክሲኮው ነው። ያኔ ምስሉ የሚለጠፈው በሙጫ ነበር። ልጆች ለጠፉት፣ ተጫወቱበት፣ ተለዋወጡት፣ ኪሳቸው ውስጥ አጠፉት። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያልተለጠፈና ጥጉ ያልተበላ ካርድ ማግኘት ብርቅ ሆነ፤ ገበያው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካርድ መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ስሙ የገነነው በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፒኤስኤ ነው። ጥጉን፣ ጠርዙን፣ ገጹን፣ ምስሉ መሀል ላይ መቀመጡን ያያሉ፤ ከዚያ ቁጥር ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። አንዱ ካርድ 5 ሌላው 9 ቢያገኝ የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ፔሌ ገና በ17 ዓመቱ ስዊድን የታተመለት የ1958 እ.ኤ.አ. ካርድ፣ 9 ያገኘው፣ በ2014 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ወደ ጎጃም ተነሣን። እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን መንገድ በእንቅልፍ አለፍኩት።

የነቃሁት ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነው። አውቶቡሱ ሲያንገጫግጨን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ። ውስጡ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ሃምሳ ስስ የፕላስቲክ ኪስና አሥር ጠንካራ ማቀፊያ ነበር። ሙቀቱ ከመስኮቱ ገባ፤ ደጋ ላይ የለበስነውን ጃኬት ሁላችንም አወለቅን። ታች ስንደርስ ጃፓኖች በሠሩት ድልድይ ላይ ተሻገርን፤ አሮጌው ከጎኑ ቆሟል። ብዙ ሰው ውሃውን ለማየት ወደ መስኮት ተጠጋ። እኔ አሮጌውን ድልድይ ነበር የማየው። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ሳያፈርሱ መተዋቸው ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ያደግኩበት ሠፈር ከተነሣ በኋላ ይህ ስሜት በርትቶብኛል።

ደጀን ላይ ምሳ ወረድን። ጾመ ነቢያት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ሁሉም ሽሮ ነው ያዘዘው። ሽሮውና አንድ ውሃ 220 ብር ተባልኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ያገሩ ሰው ለዚያው ሽሮ፣ ለዚያው ውሃ 90 ብር ሲከፍል በዓይኔ አይቻለሁ። ጠየቅኩ፤ «ዋጋው እንደዚያ ነው» አለኝ ልጁ። ከፈልኩ፣ ግን እስከ ሉማሜ ድረስ አልበረደልኝም። ሆዴ የገባው ገንዘቡ አይደለም። የካርድ ገበያን የወደድኩት ዋጋ የማይደበቅበት ስለሆነ ነው፤ አንድ ካርድ በጨረታ ስንት እንደወጣ ሞደና ያለውም ጉለሌ ያለውም እኩል ያያል። ፊትን አይቶ ዋጋ መጥራት ሰውን መናቅ ነው።

ደብረ ማርቆስ የገባነው 9 ሰዓት ላይ ነው። የድሮዋ መንቆረር ፀሐይ ሳለ ሞቅ ትላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አልጋ በ450 ብር ያዝኩ። ብርድ ልብሱ አንድ ነው፣ እሱም ስስ። ተጨማሪ ብጠይቅ ተይዟል አሉኝ። ካልሲዬን፣ ሹራቤን፣ ጃኬቴን ደርቤ ተጋደምኩ፤ እንቅልፍ አልመጣም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ከታች ጩኸት ተሰማኝ። ለካ የዓለም ዋንጫ ነው፤ አርጀንቲናና ሜክሲኮ ሊጀምሩ ነው።

ወረድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ግማሹ ቆሟል። አርጀንቲና በሳውዲ ተሸንፋ ስለነበር የሜሲ ደጋፊዎች ጥፍራቸውን ይበላሉ። በ64ኛው ደቂቃ ሜሲ ከሳጥን ውጭ መትቶ ሲያገባ አንድ የማላውቀው ወጣት አንገቴን አቅፎ ዘለለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጨዋታው 2 ለ 0 ካለቀ በኋላ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ታዲያ የሜሲን አትሰበስብም?» አለኝ። ልክ ነው፣ ዛሬ ገበያው ላይ ብዙ ፈላጊ ያለው የሜሲ የመጀመሪያዎቹ የስፔን ካርዶች ናቸው፤ እንዲህ ያለች አንዲት ጎልም በአንድ ሌሊት ፈላጊ ታበዛለች። በ2013 ዓ.ም. ሰው ሁሉ በኮሮና ቤቱ ተዘግቶበት ካርድ ላይ ሲረባረብ፣ ፒኤስኤ የሚላክለትን መጨረስ አቅቶት ርካሹን አገልግሎት መቀበል አቁሞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የብዙው ዋጋ ወረደ። የድሮዎቹ ግን እንደዚያ አይዋዥቁም፤ የሜክሲኮው አልበም ዳግም አይታተምም። ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው እኩለ ሌሊት አለፈ። የሻዩን ሒሳብ እሱ ከፈለ፤ ብለምነውም እምቢ አለ። «እንግዳ ነህ» ነው ያለኝ። የደጀኑ ንዴት ያኔ ለቀቀኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ክፉ ነበር። ውሾቹ አላቆሙም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲጀምር ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጎህ እስኪቀድ የፕላስቲክ ኪሶቼን ቆጠርኩ።

እሑድ ጠዋት ወደ አማኑኤል የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ቦርሳዬን ካልጫንኩ ብሎ ያዘኝ። ጣሪያው ላይ የጤፍ ጆንያ አለ፣ አቧራ አለ። አይሆንም አልኩ፤ ድምፃችን ከፍ አለ። ይኼኔ ዶሮ የያዙ አንዲት እናት ዶሮዋን ወደ እግራቸው አውርደው «አምጣው ልጄ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» ብለው ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ምን እንደያዘ አልጠየቁኝም። መንገዱን ሙሉ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘውት ሄዱ። ከመስኮቱ ውጭ ጤፉ ታጭዶ እየተከመረ ነው፤ ያልታጨደው ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይተኛል። ከእኔ ቤት የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው።

አማኑኤል ስደርስ የልጅቷ አጎት፣ መምህሩ፣ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ባለቤታቸው ቡና አፈሉልኝ፣ የጾም ዳቦ ቆረሱልኝ። እሳቸው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። 71 ዓመታቸው ነው፤ 38 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። «የካርዱ ሰው መጣህ?» ብለው ሳይቀመጡ ወደ ጓዳ ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ወጡ።

ካርዶቹን የላኩላቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። አሥመራ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። የጋራዡ ባለቤት ልጅ ከጣሊያን ይመጣለት ከነበረው የተረፈውን ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በደብዳቤ ውስጥ ለታናሻቸው ይልካሉ። 1962 ዓ.ም. ነው፤ መምህሩ ማርቆስ 2ኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ።

እጄን ታጥቤ ደብተሩን ከፈትኩ። 61 ካርድ ተለጥፏል፤ ሙጫው የፉርኖ ዱቄት ነው። በየካርዱ ሥር የተጫዋቹ ስም፣ አገሩ፣ የአገሩ ዋና ከተማ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ያሺን፣ ሞስኮ። ቤከንባወር፣ ቦን። ቦቢ ሙር፣ ለንደን። መሀል ላይ ካርድ ያልሆነ አንድ ገጽ አለ፦ ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ የቢጫነቱ ብዛት ለመንካት የሚያሳሳ። ጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫ ሲቀበል ያሳያል።

«የእነ መንግሥቱ ወርቁ ካርድ የለህም?» አሉኝ። በ14 ዓመት ፍለጋዬ በዘመኑ የታተመ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም አልኳቸው። በዚያ ጨዋታ ጎል ያገባውን ሰው! ገበያው የሚፈልገው የታተመለትን ነው፤ ለእኛዎቹ ያተመላቸው አላገኘሁም። ይህን ስናገር ድምፄ እንደተለወጠ ተሰማኝ። እሳቸውም አላነሡትም።

ከደብተሩ መጨረሻ ባለው ፖስታ ውስጥ ያልተለጠፉ ዘጠኝ ካርዶች ነበሩ፤ ፔሌም እዚያ ነው። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ጥጎቹ አራቱም ክብ ሆነዋል፣ ከላይ በኩል ቀጭን እጥፋት አለ፣ እስክርቢቶው ወረቀቱን ጎድጉዶታል። ሌሎቹ ሰባቱ ላይም ተጽፏል። ያልተጻፈበት አንድ ነው፤ ጂጂ ሪቫ። ነጩ ጠርዝ ግራና ቀኙ እኩል ነው ለማለት ይቻላል፣ ገጹ ያብረቀርቃል።

መምህሩ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ማርክ የሚሰጡት እንዴት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እርማት ነው በለኛ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ታዲያ ለፔሌ ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ይህን ካርድ ለማግኘት ነው 300 ኪሎ ሜትር የመጣሁት፤ ደጀን ላይ የተደረገብኝም ገና አልጠፋኝም። «አንድ ነው ጋሼ፣ ቢበዛ ሁለት» አልኩ። «የተጻፈበትን ካርድ ወይ ቁጥሩን ያወርዱታል፣ ወይ ምልክት አለበት የሚል ፊደል ከጎኑ ይጨምሩበታል። ንጹሕ ቢሆን ብዙ ሺህ ዶላር ነበር። እንዲህም ሆኖ ግን ፈላጊ አያጣም፣ ፔሌ ነውና፤ ማንም መጥቶ ዋጋ የለውም ቢልዎ እንዳይሰጡት።»

ካርዱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ልጆቹ ስሙን ሳያነቡ እንዳይቀሩ ብዬ ነው የጻፍኩት» አሉ። «ሰባ ተማሪ ነበር ክፍሉ ውስጥ። ካርዱ ከመጀመሪያው ወንበር ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ይዞራል። ብራዚልን ካርታ ላይ ያላገኘ ልጅ አይነካውም።» ጥጎቹ ለምን እንደከበቡ ያኔ ገባኝ። በሕይወቴ ብዙ ካርድ መርምሬያለሁ፤ ጉዳቱ በማን እጅ እንደደረሰ የሰማሁት ግን የዚህን ብቻ ነው።

ስለ ሪቫ ስልኬ ላይ ተመሳሳይ ካርዶች የተሸጡበትን ዋጋ አሳየኋቸው፤ 5ቱንም፣ 6ቱንም፣ 8ቱንም። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን አነበቡ። እኔ 5 ወይም 6 ያገኛል ባይ ነኝ፤ ለመላኪያና ለማስመርመሪያ የሚወጣውን ቀንሰን በ4,000 ብር ተስማማን። በቃል ብቻ የተዘጋ ነገር አልወድምና ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን። ፔሌን አልሸጡልኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ስስ ኪስ ውስጥ አስገባሁት፣ በጠንካራው ማቀፊያ ደረብኩበት፣ ከጭስና ከፀሐይ እንዲያርቁት ነገርኳቸው። ማቀፊያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «አሁን ቢዞር አይጎዳም ማለት ነው» አሉ።

መልሱ ጉዞ ደህና ነበር። ደጀን ላይ አልወረድኩም።

ታኅሣሥ 21 ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። ማታውን የፔሌ ሞት ተሰምቶ ስለነበር ሰብሳቢው ሁሉ ሲደዋወል፣ ሻጮችም ዋጋ ሲጨምሩ ነው ያደረው። የመምህሩን ቁጥር ሳይ ስለ ዋጋ ሊጠይቁኝ መሰለኝ።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ ጋሼ።»

«የጎረቤት ልጆች ከማለዳ ጀምሮ ካርዱን እንይ ብለው ግቢውን ሞልተውታል» አሉ። ከኋላቸው የልጆች ድምፅ ይሰማኛል። «አውጥቼዋለሁ። ግን እጃቸውን በሳሙና አስታጥቤ ነው።»