ቀይዋ ነጥብና ያልሠራው 255

ቢሯችን ያሉት ላፕቶፖች በሙሉ ቲንክፓድ ናቸው። የሚሠሩትም በኒክስኦኤስ ነው፤ የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ሴቲንግ ውስጥ እየገቡ አንድ በአንድ ከመነካካት ይልቅ ኮምፒውተሩ ምን እንዲመስል እንደሚፈልጉ ፋይል ላይ ይጽፋሉ። ሲስተሙ ያንን አንብቦ ራሱን ይገነባል። ካልተስማማዎት ደግሞ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን መርጠው ይመለሳሉ። እኛ ፋይሉን ለሁሉም ላፕቶፕ በጋራ ነበር የምንጠቀምበት።

የአርትዖት ሥራ የሚሠሩልን ጋሼ ማውዝ የሚባል ነገር አይነኩም። የሳቸው ነገር ያቺ ኪቦርዱ ላይ በጂ፣ በኤችና በቢ ፊደሎች መሐል የተተከለችው፣ ከርሰር የምታንቀሳቅሰው ቀይ ነጥብ ናት፤ ትራክፖይንት። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ከቲንክፓድ 700ሲ ጋር ይዟት የመጣ ነው። ነጥቧ እምብዛም አትነቃነቅም። የምትለካው ጣት የሚገፋበትን ኃይል ነው፤ ጫን ሲሏት ከርሰሩ ይፈጥናል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው እጅን ከኪቦርዱ ሳያነሱ መሥራት ትልቅ ነገር ነው። ያልለመደው ግን ያማርራል፤ እኔም ከአማራሪዎቹ ነኝ።

አሮጌው ቲንክፓድ፣ ቲ430ው፣ ሲያረጅባቸው አዲስ ቲንክፓድ፣ ስድስተኛ ትውልድ ኤክስ1 ካርበን፣ ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆዩ መጡ።

«ይቺ ድንጋይ ናት እንዴ? ጣቴን ጨረሰችው!»

የአይቲው ልጅ ፋይሉን ከፈተ። ለትራክፖይንት የተዘጋጀ ቦታ አለ። ካልነኩት ሴንሲቲቪቲው (ለግፊት ያላት ስሜት) 128፣ ስፒዱ (ፍጥነቷ) 97 ነው፤ ጣሪያቸው 255። ሴንሲቲቪቲውን 200 አደረገና ሪቢልድ አለው፤ ሲስተሙን ከፋይሉ እንደገና አስገነባው። አንድም የስህተት መልእክት የለም።

«ጋሼ፣ እስቲ አሁን ይሞክሩት።»

«ያው ነው።»

255 አደረገው።

«ያው ነው አልኩህ እኮ!»

«ጋሼ፣ ጣትዎ ደክሞ እንዳይሆን ብቻ።»

ልጁ ላይ አልፈርድም። ኒክስኦኤስ የአንድን ሴቲንግ ስም አሳስተው ቢጽፉ ዝም አይልም። እንዲህ የሚባል የለም ብሎ ሥራውን እዚያው ያቆማል። ይሄ ጥብቅነቱ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። አልጮኸም፣ እንግዲያው ሠርቷል ይባላል። እሱ ግን ያየው ፋይሉን እንጂ ነጥቧን አይደለም።

ኤክስኢንፑት የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥተን የመሣሪያዎቹን ስም ዘረዘርን። የጋሼ ነጥብ «ቲፒፒኤስ/2 ኤላን ትራክፖይንት» ትባላለች። ሴቲንጉ ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር የሚፈልገው «ቲፒፒኤስ/2 አይቢኤም ትራክፖይንት» የሚባለውን ነው። ከጀርባ ዩዴቭ የሚባለው የሊኑክስ ክፍል መሣሪያውን በስሙ ይፈልጋል፤ ካልገጠመለት ዝም ብሎ ያልፋል። ደብዳቤው በደንብ ተጽፎ አድራሻው የሌላ ቤት ሆኖ ነበር። የመሣሪያው ስም ለኒክስኦኤስ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያጣራበት መንገድ የለውም።

ልጁ ዲቫይስ የሚለው መስመር ላይ ኤላንን አስገባ። ሪቢልድ። ፊቱ በራ።

«ጋሼ?»

«ያው።»

እዚህ ላይ እኔም ወንበሬን ሳብኩ። የዩዴቭ ቁጥሮች የሚጻፉት የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ለመሣሪያው በሚከፍታቸው ትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው። ሄደን ፈለግናቸው። ስፒድ የሚባል ፋይል የለም። ሴንሲቲቪቲ የሚባለው አለ፤ የጋሼ ነጥብ ግን የተጻፈበትን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ለካ ኤላን፣ አልፕስና ኤንኤክስፒ የሚባሉት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ነጥቦች ከድሮዋ የአይቢኤም ነጥብ ትእዛዞች የሚያውቁት ጥቂቱን ብቻ ነው። ከርነሉ ደግሞ የማይሠራ ነገር ላለማሳየት ብሎ ቀሪዎቹን ደብቋቸዋል። ሎጉ (ሲስተሙ የሚይዘው መዝገብ) ውስጥም ዩዴቭ ስፒዱን መጻፍ አልቻልኩም ብሎ ነበር፤ ማን ያየዋል!

«ታዲያ ይሄን ሁሉ 255 ማን ላይ ነው ስጽፍ የቆየሁት?» አለ ልጁ።

መፍትሔው ሌላ በር ላይ ነበር። ሊብኢንፑት የሚባለው ሶፍትዌር ነጥቧ የላከችውን እንቅስቃሴ ተቀብሎ ራሱ ያፈጥነዋል። ልኩ ከኔጌቲቭ አንድ እስከ አንድ ነው። ጋሼ በኤክስ፣ በቆየው የሊኑክስ የስክሪን ሲስተም፣ ስለሚሠሩ እዚያው ፋይል ላይ በማውዝ ክፍል ስር 0.6 ተጻፈ። በአዲሱ የስክሪን ሲስተም፣ ዌይላንድ ላይ፣ ቢሆን ይሄም መስመር ባልሠራ ነበር፤ እዚያ ፍጥነቱን የሚወስነው ዴስክቶፑ ራሱ ነው። ሴቲንጉ ለተራ ማውዝም ይደርሳል፤ እሳቸው ግን ማውዝ ስለማይነኩ ግድ የላቸውም።

«አሁን ገና!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የጋራው ፋይል ላይ የትራክፖይንት ቁጥር አንጽፍም። እያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱ ትንሽ ፋይል አለው፤ አሮጌዎቹ በሴንሲቲቪቲ፣ አዲሶቹ በሊብኢንፑት። ሪቢልድ ካለቀ በኋላ ልጁ የየመሣሪያውን ስምና ቁጥር ከላፕቶፑ ላይ ያነባል።

በቀደም ጋሼ ደግሞ «ብቻዋን ትሄዳለች፣ ቫይረስ ነው» ብለው መጡ። ጣት ነጥቧ ላይ ለረጅም ጊዜ እኩል ተጭኖ ሲቆይ ያንን ግፊት ዜሮ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ሲለቋት ከርሰሩ ወደ ሌላ ወገን ይንሸራተታል። ትንሽ ካልነኳት ራሷን ታስተካክላለች። ልጁ ፋይሉን አልከፈተም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ጣትዎን ያንሱልኝ» አላቸው።