ሰሌዳ እያነበቡ መጎብኘት

የአንድን ትልቅ ከተማ የዕፅዋት ማዕከል ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘሁ ዕለት በአንዱ በር ገብቼ በሌላው እስክወጣ ድረስ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ብዙ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ስመለከታቸው ግን የአንዱንም ተክል ስም መናገር አቃተኝ። ባለፈው ዓመት ወደዚያው ግቢ ስመለስ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ከየተክሉ ሥር የቆመችውን ትንሽ ሰሌዳ ሳላነብ ላላልፍ ለራሴ ቃል ገባሁ። በሦስት ሰዓት ውስጥ የግቢውን ሩብ አላዳረስኩም።

ሰሌዳዋ ላይ ብዙ ጽሑፍ የለም። የተክሉ ቤተሰብ፣ ሁለት ቃል የሆነው ሳይንሳዊ ስሙ፣ የተገኘበት አገር፣ ከታች ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ቁጥር ተጽፎባታል። የጉዳዩ ቁልፍ ግን ያ ቁጥር ነው፤ በብዙ ማዕከላት ተክሉ ወደ ግቢው በገባበት ዓመት የሚጀምር ሲሆን፣ ዘሩ ከየትኛው ደን ወይም ተራራ፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ ወደሚገልጽ መዝገብ ይመራል። ይህ መዝገብ የሌለው ግቢ የቱንም ያህል ቢያምር በእኔ ዐይን መናፈሻ እንጂ የዕፅዋት ማዕከል አይደለም።

ነገሩ ሲጀመርም ዓላማው ማስዋብ አልነበረም። በጣሊያን ፓዱዋ እ.ኤ.አ. በ1545 የተቋቋመውና እስከ ዛሬ በመጀመሪያ ቦታው ላይ ያለው የዕፅዋት ማዕከል የሕክምና ተማሪዎች እውነተኛውን መድኃኒት ከሚመስለው ተክል ለይተው እንዲያውቁ የተተከለ ነበር። መድኃኒት ውድ ስለነበር ሌቦች ተክሎቹን እየነቀሉ አስቸገሩ፤ በዚህም ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ዙሪያው በግንብ ታጠረ። በዚያ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1585 የተተከለ አንድ ዘንባባ አሁንም በሕይወት አለ።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የቆምኩት በመስታወት ቤቱ ውስጥ፣ በቡና ተክል ፊት ነው። ሰሌዳው «ኮፊያ አራቢካ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ይህን ስም ሲያወጣለት አውሮፓውያን ቡናን የሚያውቁት ከዓረብ ምድር እንደሚመጣ ተክል ነበርና፣ በዱር የሚበቅልበት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን በስሙ ውስጥ ቦታ አላገኘም። የዕፅዋት ስያሜ ደንብ ደግሞ ቀድሞ በአግባቡ የወጣን ስም ያጸናል፤ ስሙ አሳሳች ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ በአንድ ሰሌዳ ላይ ከላይ ያለው መስመር «የዓረብ» ሲል ከታች ያለው የትውልድ አገር መስመር ያርመዋል። የዕፅዋት ማዕከላት በቡና ታሪክ ውስጥ ያላቸው ድርሻም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1714 ከአምስተርዳም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል ተበረከተለት፤ ፓሪስ በሚገኘው በንጉሡ የዕፅዋት ግቢም ተተከለ። ከዚያ የተራባው ችግኝ ባሕር ተሻግሮ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ደረሰ። በላቲን አሜሪካ የሚገኘው ቡና የዘር ብዝኃነቱ ጠባብ የሆነው ከእንዲህ ዓይነት ጥቂት ተክሎች በመውረዱ ነው።

ከመስታወት ቤቱ ማዶ ዘንባባ የሚመስሉ ሳይካዶች በረድፍ ቆመዋል። በሳይካድ ዘንድ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ተክል ስለሆነ አንዱ ያለ ሌላው ዘር አያፈራም። ከእነዚህ ወገን የዉድ ሳይካድ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ደን ውስጥ ሲገኝ አንድ ተክል ብቻ ነበር፤ እሱም ወንዴ። ሴቴ ተፈልጋ እስካሁን አልተገኘችም። ዛሬ በየማዕከሉ ያሉት ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ተክል ተከፍለው የተተከሉ ናቸው፤ በዱር ግን አንድም አልቀረም። ጥበቃ የሚለውን ቃል በየስብሰባው ስለምንሰማው ደንዝዞብናል፤ እዚህ ግን አጥር ያለው፣ ውኃ የሚጠጣ፣ ጓደኛ የሌለው ነገር ሆኖ ይታያል። በአሜሪካ ጆርጂያ የተገኘው ፍራንክሊኒያ የተባለው ዛፍም እ.ኤ.አ. ከ1803 ወዲህ በዱር አልታየም፤ የተረፈው ቀደም ብለው ዘሩን ወስደው በግቢያቸው በተከሉ አባትና ልጅ ምክንያት ነው።

ማዕከላቱ ግን ንጹሐን ብቻ አይደሉም። የወፍ ቆሎ፣ በሳይንሳዊ አጠራሩ ላንታና ካማራ፣ ትውልዱ የአሜሪካ ሐሩር ክፍል ሲሆን፣ ለአበባው ውበት ተብሎ ወደ ሌሎች አህጉሮች ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የዕፅዋት ማዕከላት ልውውጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካልካታው ማዕከል የተቀበለው ተክል ዛሬ በሕንድ ደኖች ውስጥ ከታወቁ ወራሪዎች አንዱ ነው። ይህን በግልጽ የሚጽፍ ሰሌዳ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በጎበኘሁት ግቢ «የጌጥ ተክል» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ማለዳ ይሻላል፤ ንቦቹ ሥራ ይጀምራሉ፣ አትክልተኞቹም ሰው ሳይበዛባቸው ለጥያቄ ጊዜ አላቸው። እኔም ልወጣ ስል ሰሌዳ ብቻ የቆመበት ባዶ መደብ አይቼ፣ አጠገቡ የሚኮተኩቱትን አዛውንት «ይሄኛው ሞቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አልሞተም፣ ተኝቷል፤ አኮራቹ፣ ምግብ የሚያከማችበት ክፍሉ፣ ከመሬት በታች ነው» አሉኝ። ቁጥሩን በማስታወሻዬ ጻፍኩት። ከአራት ወር በኋላ ተመልሼ ሳየው ሁለት ቅጠል አውጥቶ ነበር፤ አበባ ግን ገና አልነበረውም።